ከጅቡቲ ፒያሳ፦ ለአክስቴ ቤት መሐንዲስ ፍለጋ

አክስቴ ጥሩወርቅ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ጨርቅ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ዜግነቷንም ከቀየረች ቆይታለች፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ቤት መግዛት ለእሷ ውጭ አገር ቤት መግዛት ነው። ባለፈው ሐምሌ አንድ ደላላ ፒያሳ አካባቢ የሚሸጥ አሮጌ ቤት ፎቶግራፍ በስልኳ ላከላት። የድንጋይ ደረጃ፣ የእንጨት ሰገነት፣ ረጃጅም መስኮቶች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኛ እያነጋገራት እንኳ ዓይኗ ስልኳ ላይ ነበር። ሱቁን ዘግታ እዚያ ሰገነት ላይ ቁጭ ብላ ማርጀት ፈለገች። ያጠራቀመችው ግን አንድ ቤት ይገዛል እንጂ ሁለት አይገዛም። ተሳስታ ብትገዛ እንደገና የምትጀምርበት ዕድሜ የላትም።

ጉልበቷ የሁለት ቀን ባቡር ስለማይችል እኔን ላከችኝ። ስሰናበታት አንድ ነገር ብቻ አደራ አለችኝ። «ቤቱን አንቺ አትመርምሪው። ቤት የሚያውቅ ሰው ፈልገሽ አስመርምሪው።»

ይህን የምጽፈው እዚህ ጅቡቲ ላላችሁና ፎቶግራፍ ብቻ እያያችሁ ቤት ለምትመርጡ ነው። ሙያዬ ፋርማሲ ስለሆነ ስለ ሕንፃ የማስተምራችሁ ነገር የለኝም። የሆነውን ብቻ በየቀኑ እነግራችኋለሁ።

ሰኞ

ባቡሩ ከነጋድ ጣቢያ በጧት ተነሣ። በዚያ ሰዓት እንኳ ቀሚሴ ከመቀመጫው ጋር ይጣበቅ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ድሬዳዋ የወለደች ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ ነበሩ። ድንበሩ ደወሌ ላይ ፓስፖርት ሲጠየቅ የእኔ ጠፋ። ቦርሳዬን ወለሉ ላይ ዘረገፍኩ። ፖሊሱ ቆሞ ይጠብቃል፣ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል፣ እኔ እንባዬ ሊመጣ ነው። እኚያ እናት ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ያ ግራ እጅሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አሉኝ። ፓስፖርቱ ነበር። ላቤ እስኪነካው ድረስ አጥብቄ ይዤዋለሁ።

ድሬዳዋ ስንደርስ ማደሪያ እንዳልያዝኩ ሲሰሙ አልተዉኝም። ልጃቸው ቤት ወሰዱኝና ከአራስ፣ ከሕፃንና ከሦስት አክስቶች ጋር በአንድ ክፍል አደርኩ። ስሜን እንኳ የጠየቁኝ ጧት ቁርስ ላይ ነው።

ማክሰኞ

አዋሽን ካለፍን በኋላ አየሩ እየቀዘቀዘ ሄደ። የያዝኩት ነጠላ ብቻ ነበር። ጅቡቲ የኖረ ሰው ሹራብ የሚባል ነገር ከሻንጣው ዝርዝር ውስጥ ይረሳል፤ ጃንጥላማ ጭራሹን ትዝ አይለውም። አዲስ አበባ ስገባ ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነበር የሚመጣው።

ከጣቢያው ያመጣኝ የታክሲ ሹፌር ፒያሳ ተወልዶ እንዳደገ ነግሮኝ ነበር። ሁለት ጊዜ መንገድ ሳተ። «አትፍረጂብኝ እህቴ» አለ። «ዱሮ ከዳቦ ቤቱ ወደ ግራ ነበር። አሁን ዳቦ ቤቱም የለ፣ ግራውም የለ።» እውነቱን ነው። ብዙው ሰፈር ፈርሷል፤ አክስቴ በቃሏ የምትቆጥራቸው መታጠፊያዎች መብራት የተተከለበት ሰፊ መንገድ ሆነዋል። እኛ የምናየው ቤት ከተረፉት አንዱ ነው።

ያረፍኩት ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ፣ የአክስቴ የድሮ ጎረቤት እትዬ በለጡ ቤት ነው። በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ ያዩት ጫማዬን ነው።

«በባሕር ነው እንዴ የመጣሽው? አውልቂ፣ አውልቂ!»

ከቁም ሳጥን ወፍራም የሱፍ ካልሲ አወጡልኝ። «የባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማር። ያሳክካል ግን ያሞቃል። እሱም እንደዚሁ ነበር።»

ረቡዕ

ደላላው ከጧቱ በሦስት ሰዓት መጣ። መሐንዲስ እንደምፈልግ በስልክ ነግሬው ስለነበር «ኢንጂነሩንም ይዤልሽ መጥቻለሁ» አለኝ። ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ጫማቸው የሚያበራ ሰው ናቸው። ስማቸው ጋሽ ታደሰ ነው።

እስከ ቤቱ ድረስ በእግር ሄድን። በመንገዱ ሁሉ ሰው ይጠራቸዋል። «ኢንጂነር!» ይላል ሎተሪ አዟሪው። «ኢንጂነር፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትሠራ ነው?» ይላል ጸጉር ቆራጩ። እሳቸው ባርኔጣቸውን እያነሡ አቤት ይላሉ። እኔ በውስጤ እፎይ አልኩ። ፈቃድ አለዎት ወይ ብዬ ልጠይቅ ሌሊቱን ስለማመድ ነበር ያደርኩት። ሰፈር ሁሉ የመሰከረለትን ሰው እንዴት ብዬ ልጠይቅ? ተውኩት።

ቤቱ ከፎቶግራፉ ይበልጣል። ባለቤቱ ጋሽ ንጉሤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ቤቱን ከአባታቸው ወርሰውት፣ ከእኅታቸው ጋር ለመካፈል ነው የሚሸጡት። እኔ እንደ ጅቡቲ ሰው ዝገት ፈለግኩ። እኛ ዘንድ ቤት የሚገድለው ጨው ነው፤ ብረቱን ይበላና ሲሚንቶውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። እዚህ ዝገት የሚባል አላየሁም። ጋሽ ታደሰ በቀለበታቸው ግድግዳውን ያንኳኳሉ፣ ጆሯቸውን ይሰጣሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ስሚው! ብረት ነው! የድሮ ሰው ሥራ!»

የኋላው ክፍል አዲስ ቀለም ይሸታል። አልጋ ላይ የጋሽ ንጉሤ እናት፣ እማማ ጌጤ፣ ተጋድመዋል። ዘጠና አልፏቸዋል። እጃቸውን ስስማቸው «የገዢ እጅ እንደዚህ አይቀዘቅዝም» አሉና ሳቁብኝ።

ሁሉን አይተን የጨረስነው በሃያ ደቂቃ ነው። ጋሽ ንጉሤ ግን አላስወጡኝም። ፍልሰታ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስቆይተው ሱፍ ፍትፍት አበሉኝ። «ቤቱን ባትገዢም ምሳውን ብዪ» ይላሉ ባለቤታቸው፣ እየጠቀለሉ እያጎረሱኝ። ጅቡቲ ሻጭና ገዢ አብረው ምሳ ሲበሉ አይቼ አላውቅም።

ስንወጣ ደላላው ሌላ ገዢ እንዳለ ነገረኝ። ቅዳሜ ቀብድ ካልተሰጠ ቤቱ ያመልጠናል። ለአክስቴ ደወልኩ። «ኢንጂነሩ አይተውታል፣ ብረት ነው ብለዋል» አልኳት። ሱቋ ውስጥ ሆና እልል አለች። ደንበኞቿም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው እልል አሉ።

ሐሙስ

ቁርስ ላይ ለእትዬ በለጡ ስተርክ «የትኛው ኢንጂነር?» አሉኝ።

«ባርኔጣ የሚያደርጉት። ጋሽ ታደሰ።»

የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ። ከዚያ ወንበር ፈልገው እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ።

«ታደሴ! አንቺ ልጅ፣ እኔ ሳላገባ ቴፕ የበላውን ካሴት በእርሳስ እየጠቀለለ የሚያድንልን ታደሰ ነው እኮ! በዚያ ነው ኢንጂነር ያልነው። ያስመረቅነው እኛ ነን! ዩኒቨርሲቲው ይህ ሰፈር ነው!»

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። የአክስቴ እልልታ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። በጋሽ ታደሰ ለመናደድ ሞከርኩ፤ እሱም አልሆነልኝም። እኔ ራሴ በምሠራበት ፋርማሲ ሽማግሌዎች «ዶክተር» ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን አይደለሁም እል ነበር፤ በኋላ ዓይን አፋርነቱም ስንፍናውም ተደምሮ አቤት ማለት ጀመርኩ። አንድም ቀን በሽታ መርምሬ አላውቅም። ቢጠይቁኝ ግን ምን እል ነበር?

ጋሽ ታደሰን አንድ ኬክ ቤት ባንኮኒ ላይ ሻይ ሲጠጡ አገኘኋቸው። ሰላም አልኳቸው።

«ጋሽ ታደሰ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።»

«ጠይቂ።»

«የሙያ ፈቃድ አለዎት?»

ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ሰውዬ «ኢንጂነር፣ ካርድህን አውጣ! ተነቃብህ!» ብሎ ጮኸና ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ታደሰ አልሳቁም።

«ልጄ፣ አንቺ ኢንጂነር አልሽኝ፣ እኔ አቤት አልኩ። አርባ ዓመት አቤት ስል ኖሬያለሁ። ደላላው ቤት እይልን አለኝ፤ አየሁ። ለእኔ ጥሩ ነው።»

«ግን አክስቴ ልትገዛው ነው። ያላት ሁሉ እሱ ነው።»

ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ያላት ሁሉ?»

«ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችበት።»

«ይህን ማን ነገረኝ?» አሉ፣ ለእኔም ለራሳቸውም። «እኔ የመሰለኝ ሀብታም ናት፣ ትገዛለች፣ አፍርሳ ትሠራለች ነው።» ባርኔጣቸውን አነሡ። «ነይ። እውነተኛዋ ዘንድ እንሂድ። እኔ ስሙ አለኝ፣ እሷ ወረቀቱ አላት።»

በሚኒባስ አራት ኪሎ ወሰዱኝ። ሒሳብ ልክፈል ብል እጄን መለሱት። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መሐንዲሷ ሮማን ትባላለች፤ በልጅነቷ የጋሽ ታደሰ ጎረቤት ነበረች። እንደገባን «ጋሽ ታደሰ፣ ደግሞ ማንን አሳስተው መጡ?» አለቻቸው።

«ይህችን።»

ታሪኩን ስነግራት ሳታቋርጠኝ ሰማችና «ስለ ሥራው ከመነጋገራችን በፊት ጠይቂኝ» አለችኝ።

«ምን ልጠይቅዎት?»

«ማን እንደሆንኩ። ትናንት ያልጠየቅሽውን።»

ጠየቅኋት። ፈቃዷን አውጥታ ፊቴ አስቀመጠች። ዘመኑ እንዳላለፈ እንዳይ፣ ስሙን ከመታወቂያዋ ጋር እንዳስተያይ ነገረችኝ። ከዚያ የሰጣትን መሥሪያ ቤት ደውዬ እንድጠይቅ አዘዘችኝ። «ስልኩን ከእኔ አትቀበዪ፣ ራስሽ ፈልጊው። አጭበርባሪ የራሱን ጓደኛ ቁጥር ነው የሚሰጥሽ።» እዚህ ላይ ቀለል አለኝ፤ ይህማ ፋርማሲ ውስጥ በየቀኑ የማደርገው ነው። አዲስ አከፋፋይ ሲመጣ ፈቃዱን ሳላረጋግጥ አንድ ክኒን አልቀበልም። ለመድኃኒት የማላፍረውን ለቤት ለምን እንዳፈርኩ ራሴም አልገባኝም።

መሥሪያ ቤቱ ብዙ አስጠበቀኝ፤ በመጨረሻ መዝገባቸው ላይ እንዳለች አረጋገጡልኝ።

«አሁን ደግሞ ማን እንደሚከፍለኝ ጠይቂ» አለች ሮማን።

«እኔ ነኝ የምከፍልዎት። ማለት አክስቴ።»

«እንግዲያው የአክስትሽ ዓይን ነኝ። ደላላው ቢከፍለኝ የደላላው ዓይን እሆን ነበር።» ከዚያም የባለቤቶቹን ስም የሸፈነችበትን የሁለት የድሮ ቤቶች ዘገባ አሳየችኝ። ፎቅ ሲሠራ የኖረ መሐንዲስ ሁሉ አሮጌ ቤት አያውቅም፣ ስለዚህ እንደሚመረመረው ዓይነት ቤት ከዚህ በፊት መርምሮ ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ አለብሽ ብላ።

ዓርብ

ሮማን መሰላል፣ መዶሻ፣ የእጅ ባትሪና ከክር ጫፍ ብረት የተንጠለጠለበት ቱንቢ ይዛ መጣች። መሰላሉን የተሸከሙት ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ ማንም አልጠራቸውም። ጋሽ ንጉሤ ሁለተኛ ምርመራ መኖሩ ቅር ያላቸው መስሎኝ ነበር። «መምህር ነኝ» አሉኝ። «ፈተና ሁለት ጊዜ ማረም ያባት ነው።»

አራት ሰዓት ፈጀ። ጣሪያ ሥር ገባች፤ ሸረሪት ድር ለብሳ ወረደች። የፊተኛው ክፍል የድንጋይ ግንብ ነው፣ ደህና ነው። ሰገነቱም ጥቂት ጣውላ ይቀየርለታል እንጂ ደህና ነው። እያንዳንዱን ደህና ስትል እኔ ለአክስቴ ደስ እያለኝ በማስታወሻዬ እጽፋለሁ።

የኋላው ክፍል ስንደርስ እማማ ጌጤን ይቅርታ ጠይቀን አልጋቸውን ገፋ አደረግነው። ሮማን ከግድግዳው አናት ላይ ምስማር መትታ ቱንቢውን ለቀቀችው። ከላይ ግድግዳውን የሚነካው ክር፣ ከታች ወለሉ ዘንድ ከግድግዳው ጋር ጡጫ የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። ግድግዳው ወደ አልጋው አዘንብሏል።

በውጭ በኩል ዞርን። አሸንዳው ተሰብሮ የጣሪያው ውኃ በሙሉ የግድግዳው እግር ላይ ይወርዳል። ሮማን ጋሽ ንጉሤን አስፈቅዳ ልስኑን በመዶሻ ፈነከተችው። ድንጋይ የመሰለን ግድግዳ የጭቃ ነው፤ ከዓመታት በፊት በሲሚንቶ ተለስኗል። ጭቃው መተንፈሻ አጥቶ ውስጡ እንደራሰ ቀርቷል። ከውስጥ የታየውን ቋሚ እንጨት በጠመንጃ መፍቻ ወጋችው። መፍቻው እስከ እጀታው ገባ።

ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። «ረቡዕ ያንኳኳሁት ይህንኑ ነው» አሉ። «የመለሰልኝ ሲሚንቶው ነበር።»

ቤቱ ለመንገድ ይፈርስ እንደሆነም ሮማንን ጠየቅኋት። «እሱን ክፍለ ከተማው ነው የሚያውቀው፣ እዚያ ጠይቂ» አለችኝ። «የማላውቀውን ብነግርሽ ከጋሽ ታደሰ በምን እለያለሁ?»

«እዚሁ ነኝ እኮ!» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ ከመሰላሉ ሥር።

ቅዳሜ

ዘገባውን በጧት ተቀበልኩ። የኋላው ክፍል ክረምቱ እስኪወጣ ሳይጠበቅ ሰው ይውጣበት፣ ይፍረስና እንደገና ይሠራ ይላል። ለአክስቴ ደውዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። የሱቋ ማራገቢያ ሲዞር ይሰማኛል።

«ሰገነቱስ?»

«ሰገነቱ ደህና ነው።»

«ሰገነት ብቻ ተቆርጦ አይሸጥም» አለችና ትንሽ ሳቀች። ሳቋ ግን አልቆየም። ማፍረሻና መሥሪያ አቅም የላትም። «በይ ይቅር። ሃያ ስድስት ዓመቴ አሁንም እጄ ላይ ነው። መሐንዲሷን እግዜር ይስጥልኝ በያት።»

ደላላው ቀብድ እንደሌለ ስነግረው ተቆጣ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወረቀቱን ለማንም እንዳላሳይ ለመነኝ፤ ሌላውን ገዢ ያባርራል ብሎ። እንደገና ለአክስቴ ደወልኩ። ገንዘብ የከፈለችበት ወረቀት ነው፤ መስጠቱም መከልከሉም የእሷ ነው።

«በዚያ ክፍል ማን ነው የሚተኛው?» አለችኝ።

«የሰውዬው እናት።»

«ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ? ስጪያቸው።»

ጋሽ ታደሰ ለጋሽ ንጉሤ እሳቸው ሊነግሩልኝ ፈልገው ነበር። አብረውኝ እንዲመጡ ብቻ ጠየቅኋቸው። በዚያ ቤት ገበታ ቀርቤያለሁ፤ አንገዛም የሚለውን በሰው አፍ መላክ ነውር መሰለኝ። በሩን ራሴ አንኳኳሁ።

«ጋሽ ንጉሤ፣ አክስቴ አትገዛም። ይቅርታ ያድርጉልን። ይህ ግን ለእርስዎ ይሆናል።»

ቆመው አነበቡት። የመምህር አነባበብ ነው፤ ጣታቸው ከመስመር መስመር ይሄዳል። አንዱ ገጽ ላይ ጣታቸው ቆመ። ዝናቡ ጣሪያው ላይ ጀመረ። እኔ ስለ ዋጋ፣ ስለ እኅታቸው፣ ስለ ድካማቸው አንድ ነገር የሚሉኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

ወደ ኋላው ክፍል ገብተው የእናታቸውን አልጋ አንድ ጫፍ ያዙ። «ታደሰ» አሉ። «በዚያ በኩል ያዝ።»

እማማ ጌጤ አልጋው ሲነቃነቅ ነቁ። «በሙሽርነቴ የገባሁበትን ክፍል ልቀቂ የምትለኝ ማናት? መሐንዲሷ ናት?»

«አይደለችም እማዬ፣ ይህች የመድኃኒት ናት» አሉ ጋሽ ንጉሤ።

«ታዲያ ግድግዳው መድኃኒት የለውም?»

«የለውም እማማ» አልኩ። እንደዚያ ጮክ ብዬ መናገሬ እኔንም ገረመኝ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች አልጋውን፣ የጋሽ ንጉሤ ባለቤት ፍራሹን፣ እኔ እማማን ያዝን። ክንዳቸው እንደ ወፍ ክንፍ የቀለለ ነው። ከኋላው ክፍል ወደ ፊተኛው ለመድረስ ሦስት ጊዜ ዐረፍን። አልጋው በረጅሙ መስኮት ሥር ሲተከል አስቀመጥኳቸው፤ ጋሽ ታደሰ ትራሳቸውን አስተካከሉ። እማማ መስታወቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ ውጭ አዩ። ስንት ዓመት ከኋላው ክፍል እንዳልወጡ አላውቅም። አዲሱን መንገድ፣ መብራቶቹን፣ በዝናብ የሚሮጠውን ሰው እያዩ ብዙ ቆዩ።

«ንጉሤ» አሉ በመጨረሻ። «ሰፈሩን ሲያነሡት ለእኔ የማይነገረኝ ለምንድን ነው?»

ጋሽ ንጉሤ ወንበር አምጥተው አጠገባቸው ተቀመጡና የቱ ቤት የት እንደነበረ፣ ማን ወዴት እንደሄደ፣ በጣታቸው መስታወቱ ላይ እያመለከቱ ይነግሯቸው ጀመር።